ተዉኝ ዘር አለው ወይ?

በእኛ አገር ሰው ለልጁ ስም ሲያወጣ የሚያናግረው እግዚአብሔርን ነው፤ ለውሻው ስም ሲያወጣ ግን ጎረቤቱን ነው። ልጅ ተመስገን ይባላል፣ ስጦታው ይባላል፤ ነገሩ ወደ ላይ ነው። ውሻ ግን ምን አገባችሁ ይባላል፣ እያየሁ ነው ይባላል፤ ነገሩ ወደ አጥሩ ማዶ ነው። ጎረቤትን ፊት ለፊት መስደብ ነውር ነው። የራስን ውሻ መጥራት ግን ማን ይከለክላል?

እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ እኛ ሰፈር፣ እትዬ አስካለ ታዘብኩ የምትባል ውሻ አለቻቸው። ከአጥራቸው ቀጥሎ ያሉት ሰውዬ ደግሞ ምን ቀረሽ የሚባል ውሻ አላቸው። ሁለቱ በአንድ የማንጎ ዛፍ ተጣልተው መነጋገር ካቆሙ ቆይተዋል። ዛፉ እዚህ በቅሎ ፍሬውን እዚያ የሚጥል ዓይነት ነው። ተኳረፉ ይባል እንጂ በየቀኑ ይነጋገራሉ። ጠዋት እትዬ አስካለ በራቸውን ከፍተው «ታዘብኩ! ኧረ ታዘብኩ!» ይላሉ። ከማዶ «ምን ቀረሽ! አርፈህ ተኛ!» የሚል መልስ ይመጣል። ውሾቹ ምስኪኖች ለቁርስ የተጠሩ መስሏቸው ጭራቸውን እየቆሉ ይመጣሉ።

የእኛ ውሻ ስሙ ተዉኝ ነው። ያወጣችለት እናቴ ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴን የሚመክራት ሰው በዛ። የእሷ ዘመዶች ከገረሴ እየወረዱ ወደ ጥንት ቤተ ክርስቲያንሽ ተመለሺ ይሏታል። የአባቴ ዘመዶች ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጡና ከጉባኤው እንዳትርቂ ይሏታል። እናቴ አሳ ጠብሳ ነው የምትሸጠው፤ ሁለቱም ወገኖች ምክራቸውን የሚሰጧት አሳዋን እየበሉ ነው። አንድ ቀን ከጫሞ ዳር አሳ ገዝታ ስትመለስ አንድ አመድማ ቡችላ ቅርጫቷን እያሸተተ እስከ ቤት ተከትሏት መጣ። የዚያን ቀን ሁለቱም ወገኖች ሳይቀጣጠሩ ተገናኝተው በራፋችን ላይ ይጠብቋት ነበር። እኔ ቡችላውን አቅፌ ስሙን ማን እንበለው ብዬ ጠየቅኳት። እናቴ ዘመዶቿን አየቻቸው፣ ቅርጫቷን አስቀመጠችና «ተዉኝ!» አለች። ለእኔ መመለሷ ይሁን ለእነሱ መናገሯ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ ስሙ በዚያው ጸና።

ስሙ ችግር አልነበረበትም አልልም። እናቴ በራፍ ላይ ቆማ «ኧረ ተዉኝ! ተዉኝ!» ብላ በተጣራች ቁጥር ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ዱላ ይዞ ይሮጣል። አንድ ጊዜ አንድ መንገደኛ ከኢሱዙ መኪናው ዘሎ ወርዶ ሊያድናት ደርሶ ነበር። ያገኘው ግን አንድ ውሻና አንዲት ሴት ነው፤ ውሻው ከእሱ ሸሽቶ ከቀሚሷ ኋላ ተደብቋል። እናቴ አሳ አብልታ ሸኘችው።

ይህን ስል ውሻችን ፈሪ መሆኑን ሳልናገር ማለፌ ነው። ተዉኝ ዶሮ ይፈራል። ደመና ይፈራል። ነጠላ በሽቦ ላይ ተሰጥቶ ንፋስ ሲያወዛውዘው አልጋ ሥር ይገባል። በዚህ ነገር ልወቅሰው አልችልም፤ እኔም ከእሱ አልሻልም። አስተማሪዎቼ የትምህርት ዓይነታቸው ይለያይ እንጂ የሚሉኝ አንድ ነው፤ «ትዕግሥት፣ ድምፅ! ድምፅሽን አውጪ!» ይሉኛል። ድምፄ አይወጣም። ሱቅ ስኳር ልገዛ ሄጄ ባለ ሱቁ አልሰማ ብሎኝ ሻማ ይዤ የተመለስኩበት ቀን አለ። ሻማ አይደለም ለማለትም ድምፅ ያስፈልጋል።

ተዉኝ ግን ይሰማኛል። ሰው ሁሉ «ምን አልሽ?» የሚልበትን ያችኑ ድምፅ፣ ከግቢው ወዲያ ጥግ ተኝቶ ቢሆን እንኳ ይሰማታል። ጆሮው ብቻ ቀድሞ ይነሣል፣ ከዚያ ቀሪው አካሉ ይከተላል። ስጠራው ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። ድምፅ ያለው ሰው ይህን ነገር እንደ ተራ ነገር ያየው ይሆናል፤ በዓለም ላይ የሚሰማው አንድ ፍጡር ብቻ ያለው ሰው ግን የምለው ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ባለፈው በጋ በምዕራብ ዓባያ መንገድ በኩል የማን እንደሆነ ያልታወቀ ውሻ መጥቶ የአንድ ሰው ፍየል ነከሰ። ውሻው አብዷል ተባለ። ፍየሏ ታርዳ ተበላች። የበሏት ሰዎች ስለ እብድ ውሻ በሽታ ማሰብ የጀመሩት አጥንቱን ከጋጡ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ጭንቀት ሲመጣ መጀመሪያ የሚወለደው ኮሚቴ ነው፤ የሰፈራችን የውሻ ኮሚቴ በዚህ ሁኔታ ተወለደ። ኮሚቴው ብዙ አልተጨነቀም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የተመረዘ ሥጋ በየመንገዱ ይጣላል፣ ውሻም ይበላል፣ ነገሩም ያልቃል። ማታ ለምን አልተደረገም ያለ ሰው ነበር። ማታ ከተጣለ የሚበላው ጅብ ነው፣ ጅብ ደግሞ በአጀንዳው ላይ የለም ተብሎ መልስ ተሰጠው።

በዚህ ላይ ጋሽ ዘሪሁን እጃቸውን አወጡ። ጋሽ ዘሪሁን በሰፈራችን ብቸኛውን የፈረንጅ ውሻ ያላቸው ሰው ናቸው። አንድ ፈረንጅ የሥራ ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲሄድ ሬክስ የተባለውን ውሻና ስለ ውሻ ዘሮች የተጻፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ትቶላቸው ሄዷል። ሬክስ ከእኛ ውሾች ጋር አይውልም፤ በረንዳ ላይ ተጋድሞ ከጌታው ጋር ራዲዮ ይሰማል። ጋሽ ዘሪሁን ያሉት፣ ሁሉን ውሻ በአንድ ዓይን ማየት አግባብ አይደለም፣ ዘር ያለውና ዘር የሌለው ይለይ ነው። ሐሳቡ ለኮሚቴው ዘመናዊ መሰለው። ዘር ያለው ውሻ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለታል፣ ሥጋ በሚጣልበት ቀንም ባለቤቱ አስሮ ያውለዋል፤ ጨርቅ የሌለው ግን ዕድሉ ነው ተባለ። መለኪያውስ? መለኪያው የጋሽ ዘሪሁን መጽሐፍ! ሜትሩን ያመጣው ጨርቁን የሚያስለካው ሰው ራሱ መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም።

ችግሩ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ለከብት በሽታ ወደ ገረሴ ወጥቷል። ጋሽ ዘሪሁን የመጽሐፉን ሥዕል እንጂ ጽሑፉን እንደማያውቁት ያን ጊዜ ታወቀ። እኔ ደግሞ ለክፉ ዕድሌ በትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውድድር አሸንፌ መዝገበ ቃላት ተሸልሜ ነበር። የኮሚቴው ሊቀመንበር ቤታችን መጡ፣ አሳ በሉ፣ ለእናቴም ልጅሽ እሑድ ከሰዓት ዳኛ ትሆናለች አሏት። እኔ በሩ ጀርባ ነበርኩ። እንቢ አልኩ። አልተሰማሁም።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መጽሐፉን አነበብኩ። በየገጹ አንድ ውሻ ጎኑን ሰጥቶ እንደ ባለሥልጣን ቆሟል፤ ከሥሩ የዘሩ መስፈርት ተዘርዝሯል። ራሱ እንዲህ ይሁን፣ ጭራው እዚህ ይድረስ፣ ጸጉሩ ከዚህ ቀለም ውጭ ከሆነ ጉድለት ነው ይላል። የአንዱ ጆሮ እንደ ጽጌረዳ የታጠፈ መሆን አለበት። የሌላው ንክሻ እንደ መቀስ ነው። ቁመት የሚለካበትን ቦታ የሚናገረው «ዊዘርስ» የሚለው ቃል ግን አቃተኝ። የተሸለምኩትን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ «መጠውለግ፣ መድረቅ» ይላል። ስለዚህ የውሻ ቁመት የሚለካው በሚጠወልግበት ቦታ ነው ማለት ነው። ውሻ የሚጠወልገው የቱ ጋ ነው? ተዉኝን አገላብጬ አየሁት። እሱም ከዚያ በፊት እንዲህ ተመርምሮ ስለማያውቅ ፈራ።

በየገጹ መጨረሻ ላይ ስለ ጠባይ የሚናገር አንቀጽ አለ። ፈሪ የሆነ ውሻ ከውድድር ይወጣል ይላል። በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ቁመታቸው የማይገናኝ፣ ጸጉራቸው የማይመሳሰል ውሾች ሁሉ በዚህች ነገር ይስማማሉ። ትልቁም ፈሪ መሆን የለበትም፣ በኪስ የሚገባውም ፈሪ መሆን የለበትም። ተዉኝን ፈለግኩት፤ ከዓባያ በኩል ደመና ስለታየ አልጋ ሥር ነበር። ቀና ስል ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ውስጥ ራሴን አየሁ። መጽሐፉን ዘጋሁት።

እሑድ ሰው ሁሉ ከየጸሎቱ ተመልሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ውሻውን በገመድ እየጎተተ ወደ ኳስ ሜዳው መጣ። እናቴ አልነበረችም፤ እሑድ የአሳ ገበያዋ የሚደራበት ቀን ነው። ተዉኝንም ያን ሁሉ ውሻ ቢያይ በዚያው ስለሚሞት እቤት ተውኩት። ዳኛ አይደለሁ? መጨረሻ ላይ ስለ እሱ አንድ ቃል እናገራለሁ ብዬ አስቤያለሁ። እንደ እኔ ዓይነት ሰው አንድ ቃል እናገራለሁ ብሎ ሲያስብ ምን ያህል እንደሚለማመድ አትጠይቁኝ።

እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ሊቀመንበሩ አጠገቤ ቆሙ። ድምፄ ስለማይሰማ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። እኔ እንሾካሾካለሁ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ይሰማሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው ለሕዝቡ ያገሳሉ። ሰው ድምፁ በሌላ ሰው አፍ ሲወጣ መስማት ደስ የሚል ነገር ነው፤ እውነቴን ነው። ደፋር የሆንኩ መሰለኝ።

መጀመሪያ የቀረቡት ከሙዝ ተክላቸው የመጡት አባባ ጦና ናቸው። ሊቀመንበሩ የውሻዎ ዘር ምንድነው ብለው ጠየቋቸው። በዚያ ሰሞን መታወቂያ ሊያወጣ የሄደ ሰው ሁሉ ብሔሩን ይጠየቅ ነበርና አባባ ጦና ሳያመነቱ «እሷ ጋሞ ነች። እናቷ ግን ከወላይታ መጣች» አሉ። እሷ የተባለው ውሻ ወንድ ነው። ከኋላቸው ያለው ሰውዬ የእኔ ቅይጥ ነው፣ እንደ ልጆቼ አለ። ሌላው የእኔ ከላይኛው ከተማ ከሼቻ የመጣ ነው፣ እሱንም ብሔር ካላችሁት አለ። ሊቀመንበሩ ተቆጡ፤ የተጠየቀው ዘር ነው እንጂ ብሔር አይደለም አሉ። አንድ ሰው ልዩነቱ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ረጅም ሳል ሳሉ።

እትዬ አስካለ ደግሞ ታዘብኩን በገመድ፣ አምስት ያህል ቡችሎቿን በቅርጫት ይዘው መጡና ቅርጫቱን እግሬ ሥር ዘረገፉት። «ዘር ያለው ውሻ አላችሁ አይደል? ይኸው ዘሯ! ከዚህ በላይ ዘር ያላት ካለች ትምጣና ልያት!» አሉ። ቡችሎቹ የመጽሐፉን ጥግ ማኘክ ጀመሩ።

ወደ መስፈርቱ እንግባ ተባለ። እኔ ሹክ አልኩ፣ ሊቀመንበሩ አገሱ፤ «ንክሻው እንደ መቀስ የሆነ ውሻ ወደ ፊት ይምጣ!» በእብድ ውሻ ምክንያት በተጠራ ስብሰባ ላይ ውሻዬ እንደ መቀስ ይነክሳል ብሎ ወደ ፊት የሚወጣ ማን ነው? ሁሉም ይምል ጀመር። የእኔ ማንንም ነክሶ አያውቅም፣ የእኔማ ጥርስ የለውም ማለት ይቻላል፣ ብትፈልጉ ጣቴን ልስጠው አሉ። ሐኪሙ ከገረሴ ሲመለስ እንደነገረኝ፣ ነገሩ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ላይ ገጥሞ መዘጋቱን ለመናገር ኖሯል። መጠውለግ ያልኩትም የትከሻ ጫፍ ነው ኖሯል። ያን ጊዜ ግን ማን ነግሮኝ? «ቁመቱ የሚለካው በሚጠወልግበት ቦታ ነው!» ብለው ሊቀመንበሩ አገሱ። አባባ ጦና ውሻቸውን ከራሱ እስከ ጭራው አዩትና «የእኔ ሁሉም ቦታ ጠውልጋለች፣ ልጄ። ከየት ልጀምር?» አሉኝ።

ጋሽ ዘሪሁን ይስቁ ነበር። ወሬውን ትታችሁ ዘር ምን እንደሚመስል እዩ ብለው ሬክስን ወደ ፊት አመጡት። እኔም የእሱን ገጽ ገልጬ ከሥዕሉ ጋር አስተያየሁት። ራሱ ደህና ነው። ጆሮው ደህና ነው። ጭራው ግን ወፍራምና ቀጥ ያለ መሆን ሲገባው፣ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ጀርባው ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ጭራ ያላቸው ውሾች ሼቻ ላይ በየሥጋ ቤቱ በራፍ ተኝተው ይታያሉ። ቀስ ብዬ ሹክ አልኩ። ሊቀመንበሩ አንድ ጊዜ አዩኝ፣ አንድ ጊዜ ጭራውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። እትዬ አስካለ ግን እልልታቸውን አቀለጡት። ጋሽ ዘሪሁን መጽሐፉ ያረጀ እትም ነው አሉ።

እንግዲያው አንድም ዘር ያለው ውሻ የለም ማለት ነው? ሊቀመንበሩ ይህን ለራሳቸው የጠየቁት መስሏቸው አገሱት። ሜዳው ተናወጠ። ውሾቻችንን ልታስፈጁ ነው የመጣችሁት፣ ይህች ልጅ ምን አውቃ ነው፣ የማን ልጅ ናት የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው መጣ። እኔ ፊቴን ለመደበቅ መጽሐፉን ከፍ አድርጌ ያዝኩት፤ ዓይኔ ያረፈው መግቢያው ላይ ነው። ተማሪ ደግሞ መግቢያ አያነብም፣ ፈተና ላይ አይመጣም።

መግቢያው የሚለው እንዲህ ነው። መስፈርት የሚወጣው ከሥራ ነው። ያኛው ውሻ እግሩ ያጠረው ጉድጓድ ገብቶ ስለሚያድን ነው፤ ይኼኛው ጸጉሩ የወፈረው በረዶ ላይ ስለሚያድር ነው። ለቁንጅና ብሎ የጻፈው ሰው የለም። ሥራው ቀድሞ ነበር፣ ውሻው ለሥራው ሆነ፣ መጽሐፉ ከሁሉ በኋላ መጣ። ይህን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። በረዶ ላይ ስለሚያድር ውሻ በተጻፈ ቃል፣ ሙዝ ጥላ ሥር የሚያድረውን ልንፈርድበት ነበር።

ሊቀመንበሩን እጃቸውን ሳብኩና ለአባባ ጦና ውሻዎ ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ አስጠየቅኩ። «ዝንጀሮ ታባርራለች። ጠዋት ታባርራለች፣ ማታ ታባርራለች። ዝንጀሮ በዛች፣ ሙዝ አነሰች፣ ውሻዬ ከሳች» አሉ። እግሩ ረጅም ነው፣ ወገቡ ቀጭን ነው፣ ድምፁ ከሲቀላ ሼቻ ይሰማል። ዝንጀሮ ለሚያባርር ውሻ ከዚህ ሌላ ምን መስፈርት አለ? ዘር አለው አልኩ። «ዘር አለው!» ብለው ሊቀመንበሩ አገሱ። ቀይ ጨርቅ ታሰረለት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ጅብ ሲመጣ የሚጮኽ ዘር አለው። የአሳ ጀልባ የሚጠብቅ ዘር አለው። ታዘብኩ ሥራዋ ምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ሳትጠየቅ አለፈች፤ ምን ቀረሽም እንደዚያው። የሬክስ ተራ ሲደርስ ጋሽ ዘሪሁን ጠባቂ ነው አሉ። ምን ይጠብቃል ሲባሉ ከሕዝቡ መሃል አንዱ «መጽሐፉን!» አለና ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ለሬክስም ዘር አለው አልኩለት። እሱ ምን አደረገ?

ቀይ ጨርቅ የሌለው ውሻ ሜዳው ላይ ጠፋ። ሰዎች እየሳቁ ገመዳቸውን ይጠቀልሉ ጀመር። አሁን ተራው የእኔ ነው። ቅዳሜ ስለማመድ ያደርኩት ቃል ነበረኝ፤ አሁን ደግሞ ምክንያትም አገኘሁለት። ተዉኝ ሥራ አለው። ሥራው እኔን መስማት ነው። ለዚህም ነው ጆሮው ከራሱ የሚበልጠው፤ ለዚህም ነው ነጠላ ሲወዛወዝ የሚደነግጠው፤ ትንሽ ድምፅ የሚሰማ ትልቁን እንዴት ይቻለው? ለሥራው የተሠራ ውሻ ነው። ይህን ሁሉ መናገር አልችልም፣ ግን ዋናውን እናገራለሁ አልኩ። የሊቀመንበሩን እጅጌ ያዝኩና በሙሉ ኃይሌ ሹክ አልኩ፤ «ተዉኝን ተዉልኝ።»

ምን አልሽ ልጄ አሉ። ሰው እየተጫጫኸ ነው። ደገምኩት። ሊቀመንበሩ በአዘኔታ ራሴን ዳሰሱኝ፣ ቀና አሉና «ተዉኝ ተዉኝ ትላለች! ልጅቷ ደክሟታል! ተዉአት!» ብለው አገሱ። ሕዝቡም ጨዋ ነው፣ አጨበጨበና ተወኝ። ሜዳው ላይ እኔና ወንበሩ ቀረን።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። በማግስቱ ማለዳ አሳዋን ጥላ ሊቀመንበሩ ቤት ሄደች። ተዉኝ እኮ የውሻው ስም ነው አለቻቸው። ሊቀመንበሩ በጣም አዘኑ። ቢሆንም ሕዝብ የወሰነውን ብቻዬን አልሽርም፣ ነገ ስብሰባ ስላለ እዚያ ይቀርባል፣ ዛሬን አስራችሁ አውሉት አሏት። ስትወጣ ደግሞ ምነው እንዲህ ያለ ስም አወጣሽለት ብለው ጠየቋት። እናቴ እንደ እርስዎ ያሉ መካሪዎች በዝተውብኝ ነው ማለት ፈልጋ ነበር። የዚያን ቀን ግን ነጠላዋን አጣፍታ መንገዷን ቀጠለች።

ተዉኝን በአሳ መረብ ገመድ ከአልጋው እግር ጋር አሰርነው። እኔ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ስወጣ ልጆቹ ተከተሉኝ። «ዳኛዋ! የእኔስ ዘር ምንድነው?» ይለኛል አንዱ፤ «ንክሻዬን እይልኝ፣ መቀስ ነው ወይስ ምላጭ?» ይላል ሌላው፤ «የት ጋ ነው የምጠወልገው?» ትላለች የምወዳት ጓደኛዬ ሳትቀር። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። ሄድኩ፣ ፈጠንኩ፣ ፈጠኑ። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ስደርስ አንዱ መዝገበ ቃላቴን ነጠቀኝ። እኔም አላውቅም ከየት እንደመጣ፤ አስተማሪዎቼ ለዓመታት ሲለምኑኝ የኖሩት ድምፅ፣ ደረቴ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ድምፅ፣ ሰፈሩን እስኪሰነጥቅ ድረስ ወጣ፤

«ተዉኝ!»

ልጆቹ ደነገጡ። ተዉኝም። መጽሐፌን የያዘው ልጅ በሁለት እጁ መለሰልኝ። ለአፍታ ያህል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ከአጥራችን ሥር አንድ ጆሮ ሲወጣ አየሁ። ቀሪው አካሉ ተከተለው፤ አንገቱ ላይ የተበጠሰ የመረብ ገመድ ይንጠለጠላል። በእኛና በእሱ መካከል ያለው መንገድ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ እንደተባለው፣ ሥጋው ተጥሏል። ተዉኝ ዕድሜውን ሙሉ የአሳ ጭንቅላት እንጂ ሥጋ ቀምሶ አያውቅም። ቆመ። አሸተተው። እኔ አትብላ ማለት ነበረብኝ፤ ድምፄ ግን ያችን አንዲት ቃል ተናግሮ ተመልሶ ተኝቷል። ጎረሰው። ከዚያ ጭራውን እየቆላ መጥቶ እግሬ ላይ ተኛ፤ ስጠራው ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅማ።

ሌላውን አልጽፍም።

አሁን በሰፈራችን ያለ ውሻ ሁሉ ዘር አለው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀይ ጨርቃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳሰሩ መንገዱ ላይ ይጠብቁኛል፤ የአባባ ጦናው፣ ታዘብኩ ከነልጆቿ፣ ምን ቀረሽ፣ ሬክስ ሳይቀር። እኔ ዘር አለው ያልኩላቸው መሆናቸውን አያውቁም። ይከቡኝና ይጮኹብኛል። ደብተሬን አቅፌ እቆማለሁ። እንዲህ ላለ ጊዜ በአማርኛ የሚባል ቃል አንድ ነው፤ እሱን ደግሞ እኛ ለውሻ ስም አድርገን ጨርሰነዋል።